አራስ ቤት ሳለሁ ስለመጣብኝ ሐሳብ

ይህን የምጽፈው በቅርብ ለወለደች፣ ሌሊት ልጇን አቅፋ «እኔ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?» እያለች ለምታለቅስ እናት ነው። ያልወለዳችሁም ብታነቡት ደስ ይለኛል። የማይፈልጉት ሐሳብ አልላቀቅ ያላቸው ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ወንድ ሴት፣ ትንሽ ትልቅ አይልም። እኔ ግን የማውቀው የራሴን ነው።

የወለድኩት ደሴ ነው። የመጀመሪያ ልጄ ናት። እናቴ ከኩታበር መጥታ አረሰችኝ። እንደ አገራችን ልማድ ትራሴ ሥር ትንሽ ቢላዋ አስቀመጠች። ብረት አራስን ከክፉ ነገር ይጠብቃል ይባላል። እጀታዋ ቀንድ ነው። ስለቷ ዶልዱሟል፤ ቅቤ እንኳ በቅጡ አትቆርጥም። አያቴም እናቴ እኔን ስትወልድ ትራሷ ሥር ያደረገችላት እሷኑ ነበር።

አንድ ሌሊት ልጄን እያጠባሁ እጄ ሳላስበው ትራሱ ሥር ገባና ብረቷን ነካኋት። ወዲያው «በዚህች ብወጋትስ?» የሚል ሐሳብ ብልጭ አለብኝ።

ላብ አጠመቀኝ። ልጄ ምንም አታውቅም፣ እየጠባች ነው። ጣቶቿ የነጠላዬን ጥለት ጨብጠዋል። እሷን ከምጎዳ ሞቴን እመርጣለሁ። ታዲያ ይህ ሐሳብ ከየት መጣ? እስኪነጋ ዓይኔን አልከደንኩም።

ጠዋት ለእናቴ «ትቆረቁረኛለች» ብዬ ቢላዋዋን ሰጠኋት። ሐሳቡ ግን ከቢላዋዋ ጋር አልሄደም። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ቆሜ የጦሳን ተራራ ማየት እወድ ነበር። አሁን በረንዳው በር ጋ ስደርስ «ብጥላትስ?» ይለኛል። በረንዳውን ተውኩት። ሽንኩርት መክተፍ ተውኩ። ሳጥባት «ብትሰጥምስ?» ሲመጣ ገላዋን ማጠቡንም ለእናቴ ለቀቅኩላት። ባለቤቴ ሥራ ሄዶ እናቴ ደግሞ ገበያ ልትወጣ ነጠላዋን ስታነሳ ልቤ ድው ድው ይላል። ከገዛ ልጄ ጋር ብቻዬን እንዳልቀር ሰበብ እፈልጋለሁ። «እማዬ፣ ሆዴን ቆረጠኝ፣ አትሂጂ» እላለሁ።

አራስ ለመጠየቅ የሚመጣ ሰው ደግሞ ደስታ ይዞ ነው የሚመጣው። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ይላል። ገንፎ ይበላል፣ ይመርቃል፣ ይስቃል። ጎረቤታችን እትዬ ቡናቸውን አንጠልጥለው መጥተው አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን እኔ ዘንድ ያፈላሉ። ለልጄ ዱዓ ያደርጉላታል። እኔም «አሚን» እላለሁ። ውስጤ ግን «እኚህ ሴትዮ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለውን ቢያውቁ ደጄን አይረግጡም» ይላል። ከሁሉም የከበደኝ ይሄ ነበር። ደስ ሊለው ይገባል ተብሎ የሚጠበቅ ሰው መሆን።

ሐሳቡ ሲመጣ አማትባለሁ። ራሴን እነቀንቃለሁ። መዝሙር እከፍታለሁ። «አላሰብኩም፣ አላሰብኩም» እላለሁ። ልጄ ትተነፍስ እንደሆነ አሥሬ እየተነሳሁ አያለሁ። ባባረርኩት ቁጥር ግን ጓዙን ጠቅልሎ ተመልሶ ይመጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልበል። ጸሎትን እየነቀፍኩ አይደለም፣ ዛሬም እጸልያለሁ። ግን ከፈጣሪ ጋር ለመነጋገር መጸለይ አንድ ነገር ነው። ሐሳብ እንዳይመጣ ብቻ እየተንቀጠቀጡ መቶ ጊዜ ማማተብ ሌላ ነው። ሁለተኛው ሰላም አይሰጥም።

ነገሩ በእኔ ብቻ የደረሰ እንዳልሆነ የገባኝ ቆይቶ ነው። ዳንኤል ዌግነር የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋር በ1987 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። ተማሪዎችን አስቀምጠው ለአምስት ደቂቃ በአእምሯቸው የሚመጣውን ሁሉ ጮክ ብለው እንዲናገሩ አደረጉ። «ስለ ነጭ ድብ ግን እንዳታስቡ፤ ካሰባችሁ ደወሉን ምቱ» አሏቸው። ደወሉ ተደጋግሞ ተመታ። ቀጥለው ደግሞ «አሁን ስለ ድቡ አስቡ» አሏቸው። መጀመሪያ የተከለከሉት፣ ከመነሻው አስቡ ከተባሉት የበለጠ ስለ ድቡ ደጋግመው አሰቡ። ዌግነር በኋላ እንዳብራራው፣ አንድን ነገር ላለማሰብ ስንታገል የአእምሯችን አንዱ ክፍል «መጣ ወይስ አልመጣም?» እያለ ይጠብቃል። ያው ጥበቃው ራሱ ሐሳቡን ይጠራዋል። አይተውት ስለማያውቁት ድብ እንዲህ ከሆነ፣ ስለ ገዛ ልጅ ሲሆን እንዴት እንደሚብስ አስቡት።

ሐኪም ዘንድ እንድሄድ የገፋፋኝ ባለቤቴ ነው። ለእሱ የነገርኩት እንቅልፍ ማጣቴን ብቻ ነበር። ሁለት ፍርሃት ያዘኝ። አንደኛው «ልጄን ይቀሙኛል» የሚል ነው። ሁለተኛው «አብዳለች ብለው አዲስ አበባ አማኑኤል ይልኩኛል» የሚል። በሄድኩበት ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ክፍል ያገኘኋት ነርስ ግን ወጣት ናት፣ ረጋ ያለች። እያለቀስኩ ነገርኳት። ፊቷ አልተለወጠም። ብዕሯን አስቀምጣ ጠየቀችኝ።

«ሐሳቡ ሲመጣ ምን ይሰማሻል?»

«እፈራለሁ። ራሴን እጠላለሁ።»

«አድርጊው የሚልሽ ድምፅ ትሰሚያለሽ?»

«አልሰማም።»

«ልጅሽ ልጅሽ እንዳልሆነች፣ ሌላ ፍጡር እንደሆነች መስሎሽ ያውቃል?»

«ኧረ በፍጹም!»

ራሴን ስለ ማጥፋት አስቤ እንደማውቅም ጠየቀችኝ። ከዚያ «እህቴ፣ ይሄ ሐሳብ ነው፣ ፍላጎት አይደለም። በጣም ስለምትወጃት አእምሮሽ የሚያስፈራሽን ሁሉ እየደረደረ ያሳይሻል። እዚህ የምትመጪው የመጀመሪያዋ እናትም አይደለሽም» አለችኝ።

ያን ቀን ከሆስፒታሉ ስወጣ ሐሳቡ አብሮኝ ነበር፣ ግን ደረቴ ቀለለኝ። ብዙ እናቶች ይህን ሳይሰሙ ስለሚኖሩ ቁጥሩን ልንገራችሁ። ራችማን እና ደ ሲልቫ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1978 እ.ኤ.አ. ጤነኛ ሰዎችን ጠይቀው ከአሥሩ ስምንቱ ገደማ የማይፈልጉት ሐሳብ ድንገት እንደሚመጣባቸው አገኙ። ሰው መጉዳት፣ ከከፍታ መዝለል፣ የሚያሳፍር ነገር መናገር የመሳሰለ። በይዘቱ ሐሳብ አልላቀቅ ባላቸው ሕመምተኞች ላይ ከሚመጣው ብዙም አይለይም። ልዩነቱ ጤነኞቹ «ወይ ጉድ» ብለው ማለፋቸው ነው። ስለ እናቶች ደግሞ ኒኮል ፌርብራዘር የምትባል ካናዳዊት ተመራማሪ ከባልደረባዋ ጋር በ2008 እ.ኤ.አ. ጥናት አሳትማለች። የመጀመሪያ ልጃቸውን የወለዱ እናቶች ሁሉም ለማለት በሚቻል ደረጃ «ልጄ አደጋ ቢደርስባትስ» የሚል ሐሳብ መጥቶባቸዋል። ግማሽ ያህሎቹ ደግሞ «ሆን ብዬ ብጎዳትስ» የሚል። ግማሽ ያህሉ! እስቲ አራስ ጥየቃ ላይ ከእኛ ጋር ቡና ሲጠጡ የነበሩትን ሴቶች ቁጠሯቸው። ስንቶቹ ዝም ብለው ይዘውት ኖረዋል?

ነርሷ ያስተማረችኝ ሥራ ቀላል ይመስላል፣ ግን ልምምድ ይፈልጋል። ሐሳቡ ሲመጣ አላባርረውም። አልከራከረውም። በስሙ እጠራዋለሁ፦ «ልጄን እጥላለሁ የሚል ሐሳብ መጣ።» በቃ። «እጥላታለሁ» እና «እጥላታለሁ የሚል ሐሳብ መጣ» በወረቀት ላይ ተቀራራቢ ናቸው። ጭንቅላት ውስጥ ግን በሁለቱ መሃል ሰው የሚተነፍስበት ቦታ አለ።

እኔ ነገሩን የማስበው በመናኸሪያ ነው። ደሴ መናኸሪያ ስትገቡ ረዳቶቹ «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ!» «ወልዲያ፣ የሞላ!» እያሉ ይጮኻሉ። አንዳንዱ እጅ ይዞ ይጎትታል። ኩታበር የሚሄድ ሰው ከረዳቱ ጋር አይጣላም። አፉንም ሊከድንለት አይሞክርም። ጩኸቱን እየሰማ ወደ ራሱ መኪና ይሄዳል።

ሌላም ነገር አሠራችኝ። ስቲቨን ሄይስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ባለሙያ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ካዳበረው፣ ሐሳብን ከመታገል ይልቅ መቀበልን ከሚያስተምር ሕክምና የተወሰደ ነው። የሚያሳምመኝን ቃል መርጬ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ጮክ ብዬ በፍጥነት እንድደጋግመው ነገረችኝ። «መጥፎ እናት፣ መጥፎ እናት፣ መጥፎ እናት…» መጀመሪያ እንባዬ መጣ። ቆይቶ ምላሴ ተሳሰረ። መጨረሻ ላይ ቃሉ ትርጉሙ ጠፍቶ «መጥፎናት፣ መጥፎናት» የሚል ድምፅ ብቻ ሆነ። ነርሷም እኔም ሳቅን። ከወለድኩ ወዲህ ከልቤ ስስቅ የመጀመሪያዬ ነበር።

ከዚያ የሸሸኋቸውን ነገሮች ቀስ በቀስ መመለስ መጣ። ዝም ብላችሁ ብቻችሁን አትጀምሩት፤ እኔን ነርሷ ከቀላሉ ወደ ከባዱ እያለች መርታኛለች። ሽንኩርቱን ልንገራችሁ። እናቴ ልጄን አቅፋ ወጥ ቤት በርጩማ ላይ ተቀመጠች። እኔ መክተፊያውንና ትልቁን ቢላዋ አወጣሁ። የመጀመሪያውን ቀይ ሽንኩርት ለሁለት ስሰነጥቅ ሐሳቡ መጣ። እጄ ተንቀጠቀጠ። «ይኸው መጣህ፣ እሺ» አልኩት። ቢላዋውን አላስቀመጥኩም። እናቴ ምን እንደማደርግ ባይገባትም ዝም አለች። ዓይኔ ተቃጠለ፣ ከሽንኩርቱ ይሁን ከፍርሃቱ አላወቅኩም። ሁለተኛውን ከተፍኩ። ሦስተኛው ላይ ሐሳቡ ነበር፣ እጄ ግን አይንቀጠቀጥም። እናቴ «ደቀቅ አድርጊው እንጂ፣ ለዶሮ ወጥ እኮ ነው» ስትል ወደ ተለመደው ኑሮዬ እንደተመለስኩ ተሰማኝ።

ሐሳቡ ጠፋ ወይ? አልጠፋም። አሁንም አልፎ አልፎ ይመጣል፣ ሲደክመኝ ይበዛል። የተለወጠው ሌላ ነው። ልጄ ድምፅ አውጥታ መሳቅ የጀመረችው በረንዳው ላይ ነው። አባቷ ከታች እጁን ሲያወዛውዝላት። ሐሳቡም እዚያው ነበር፣ እኔም በደንብ አቅፌያታለሁ፣ ሳቋንም ሰማሁት። ቀድሞ «መጀመሪያ ይህ ሐሳብ ይጥፋ፣ ከዚያ ደስ ይለኛል» እል ነበር። እንደዚያ ብጠብቅ ኖሮ ያ ሳቅ ያመልጠኝ ነበር። በ2018 እ.ኤ.አ. ብሬት ፎርድ፣ አይሪስ ማውስና ባልደረቦቻቸው ከ1,300 በላይ ሰዎችን ያካተተ ጥናት አሳትመዋል። ክፉ ስሜታቸውንና ሐሳባቸውን ሳይፈርዱበት የሚቀበሉ ሰዎች የተሻለ የአእምሮ ጤና ነበራቸው፤ አስጨናቂ ነገር ሲገጥማቸውም የሚሰማቸው መጥፎ ስሜት ያነሰ ነበር። መቀበሉ ሐዘኑን ያባብሳል ብሎ ለሚፈራ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ስለ ጎደሎነቴም ላውራ። ሐሳቡ ያን ያህል ያጠቃኝ ፍጹም እናት ለመሆን ስለተነሳሁ ጭምር ይመስለኛል። ወተቴ አልበቃ ብሎ የዱቄት ወተት ሲጨመርላት እንደ ወንጀለኛ ነበር የተሰማኝ። ስታለቅስ ለምን እንደሆነ ወዲያው ካላወቅኩ «እናት አይደለሁም» እላለሁ። አንድ ሌሊት ደክሞኝ «አንቺ ልጅ ዝም በይ!» ብዬ ጮኼባት እስኪነጋ ስንሰቀሰቅ አድሬያለሁ።

ኤድዋርድ ትሮኒክ የተባለ ተመራማሪ እናቶችና ሕፃናት ፊት ለፊት ሲጫወቱ እየቀረጸ አጥንቷል። ጤናማ ግንኙነት ባላቸው እናትና ልጅ መካከል እንኳ ሁለቱ የሚግባቡት ከጊዜው ሲሶ ያህሉን ብቻ ነው። በቀረው ጊዜ ይተላለፋሉ፣ ከዚያ መልሰው ይገናኛሉ። ልጁ እናቱ ሁልጊዜ ባትረዳውም ተመልሳ እንደምትመጣ የሚማረው በዚህ መተላለፍና መገናኘት ነው። ዶናልድ ዊኒኮት የሚባለው እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም ደግሞ በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ቀድሞ ተናግሮታል፦ ልጅ ፍጹም እናት አያስፈልገውም፣ የምትበቃ እናት ትበቃዋለች። እናቲቱ ቀስ በቀስ ጥቂት ጥቂት ስትጎድልበት ልጁ ዓለምን መቻል ይማራል። ይህን ሳነብ አለቀስኩ። ለካ ጉድለቴ ለልጄ ሙሉ በሙሉ ጉዳት አይደለም።

ለእትዬም ነገርኳቸው። ሁሉንም ሳይሆን ፍርሃቴን። «ክፉ ክፉ ነገር ይመጣብኛል» አልኳቸው። ስኒውን አስቀምጠው አዩኝ። «አብሽሪ ልጄ። እኔም የበኩሬ ጊዜ ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ልጄን የምጥለው እየመሰለኝ ዞሬ ነበር የምሄድ። ለማን ይነገራል?» አሉኝ። እኚያ ልጃቸው ዛሬ የልጆች አባት ነው። እኛ ወሎዎች ከሐዘን ጋር መቀመጥ እናውቅበታለን። ትዝታንና አምባሰልን የምናዜም ሰዎች ነን። ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለትም ዕድሩ፣ ተሰብስቦ ከሐዘንተኛው ጎን ይቀመጣል፣ ብዙ ሳይናገር። አራስ ቤት ላይ ግን ይህ ችሎታችን ይጠፋል። እዚያ ማዘን፣ መፍራት አይፈቀድም። እኔ እንደሚመስለኝ ያው ለቅሶ ቤት የምናሳየው ትዕግሥት አራስ ቤትም ያስፈልጋል።

መቀበል ስል ግን ሁሉን ነገር መሸከም ማለቴ አይደለም። የሚመታሽን ባል ተቀበዪ አላልኩም። ረሃብን፣ ሕመምን «የመጣው ይምጣ» በዪ አላልኩም። የምትቀበዪው ጭንቅላትሽ ውስጥ ብቅ ያለውን ሐሳብና ሆድሽ ውስጥ የተሰማሽን ፍርሃት ነው። ከውጭ ያለውን ክፉ ነገር ለመለወጥ ጉልበት የሚተርፍሽም እንዲህ ስታደርጊ ነው።

በጥንቃቄ እንድታነቡልኝ የምፈልገው ይሄኛውን ነው። እኔ የነገርኳችሁ የሚያስፈራኝንና የማልፈልገውን ሐሳብ ነው። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ሌላ ከባድ ሕመም አለ፤ ከ1,000 ወላዶች አንዷን ወይም ሁለቷን ይይዛል፣ ብዙ ጊዜም በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ይጀምራል። እናቲቱ ሌላው የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች። ልጇ ሰይጣን እንደሆነ ወይም እንደተለወጠ ታምናለች። ለቀናት ሳትተኛ ድካም አይሰማትም። ንግግሯ ይዘበራረቃል። ሐሳቡ አያስፈራትም፣ እንዲያውም ትክክል ይመስላታል። ይህ በመቀበል የሚታለፍ አይደለም። ብቻዋን ሳትተዋት በዚያው ቀን ሆስፒታል ውሰዷት። ታክማ የምትድንበት ሕመም ነው። ራስሽን ለማጥፋት ካሰብሽም አትዘግዪ። ሐዘኑና ድብርቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከቆየም ሂጂ። እኔ መድኃኒት አላስፈለገኝም፣ የሚያስፈልጋቸው ብዙዎች አሉ። ጡት እያጠቡ የሚወሰዱ፣ ሐኪም የሚያዝዛቸው መድኃኒቶች አሉ። ጠበል የምትጠጣም ሆነ ዱዓ የምታስደርግ ያንን ሳትተው ሐኪም ማየት ትችላለች።

ባሎች፣ እናቶች፣ አማቶች፦ አራሷ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ነገር ከነገረቻችሁ አትጩኹ። «በስመ አብ፣ ምን ነካሽ!» አትበሏት። ያንን ራሷ ሺ ጊዜ ብላዋለች። «መቼ ነው የሚመጣብሽ? ያስፈራሻል?» ብላችሁ ጠይቋት። ልጁንም ከእጇ አትንጠቁ፣ እኔ በጣም የፈራሁት እሱን ነበር። ሌሊት ልጁን አንዴ ተቀብላችሁ ትንሽ ካስተኛችኋት ትልቅ ነገር አደረጋችሁ፤ የእንቅልፍ እጦት ሐሳቡን ያበረታዋል።

ሆስፒታል ሂዶ ካርድ ክፍል መስኮት ላይ፣ ሰው ከኋላ ተሰልፎ፣ «የአእምሮ ጤና» ብሎ መናገር ከከበደሽ እንዲህ አድርጊ። «ከወሊድ በኋላ እንቅልፍ አጣሁ» በዪ። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነው፣ ውሸትም አይደለም። የቀረውን ክፍሉ ገብተሽ በሩ ሲዘጋ ትነግሪያለሽ። መናገር ካቃተሽ ቤትሽ ሆነሽ በወረቀት ጽፈሽ ሂጂና ወረቀቱን ስጪያቸው።